የአክስቴ ደወል

ካራቆሬ ያለችው አክስቴ ጉልበቷን ያማታል። ከአልጋዋ ሳትነሳ ጓዳ ያለችውን ልጇን የምትጠራበት ደወል ልሥራላት ብዬ ተነሳሁ። ማን ለመነህ? ማንም! ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው መባሉ ጠፍቶኝ አይደለም፤ አርዱዊኖ የምትባለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ እጄ ስለገባች ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ኢጣሊያ ውስጥ ለጀማሪ ተማሪ ትሆናለች ብለው ያወጧት ናት፤ እኔን አላዩኝም።

ከሰሌዳዋ 5 ቮልት ወደ መጫኛው ቁልፍ፣ ከመጫኛው ወደ ሰሌዳዋ አንድ አንድ ሽቦ፤ አለቀ። ረጅሙን ሽቦ ለዓይን እንዳያስቀይም ከመብራቱ ገመድ ጎን ለጎን በግድግዳው አስኬድኩት። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በፓወር ባንክ ሞከርነው። ሲጫኑት ጮኸ፣ ሲለቁት ትንሽ አንገራግሮ ዝም አለ። እኔም ምርቃቴን ተቀብዬ ቡናዬን እስከ በረካ ጠጣሁ።

እኩለ ሌሊት ላይ መብራት መጣ። እንዴት ያለ ጩኸት! ጎረቤታችን ያሉት አዛውንት ግንቦት 1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰውን፣ ከካራቆሬ ቤቶችም ግማሽ የሚጠጋውን የጣለውን የመሬት መንቀጥቀጥ በልጅነታቸው ያዩ ናቸው። እሳቸው ሌሊት እንግዳ ድምፅ ከሰሙ ቤት ውስጥ ሆነው አያጣሩም። ሽርጣቸውን እየቋጠሩ ወጡ፤ ሰፈሩም ተከተላቸው።

«ምንድነው?»

«ደወል ነው ጋሼ።»

«ማን ደወለ?»

«ማንም።»

ያን «ማንም» ባለሽርጥ ሕዝብ ፊት ቆሞ መናገርን ለጠላቴም አልመኝ።

ጠዋት ሬዲዮ ጠጋኙ ዘንድ ሄድኩ። ስቆ ሲያበቃ አስረዳኝ፦ መጫኛው ሲለቀቅ ሽቦው ከ5ም ከ0ም ሳይሆን ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ አጠገቡ ያለው 220 ቮልት በሴኮንድ 50 ጊዜ ሲመላለስ እንደ አንቴና ይለቅመዋል፤ ሰሌዳዋም ሰው የተጫናት ይመስላታል። ከአሮጌ ሬዲዮ ሆድ ቡኒ፣ ጥቁርና ብርቱካን መስመር ያላት ሬዚስተር ነቀለልኝ፤ 10 ኪሎ ኦም፣ ሽቦውን ከ0ው፣ ማለትም ከግራውንድ፣ የምታስር። ጺም ያላበቀለው ተለማማጁ ደግሞ ከሥራው ቀና ሳይል «ሬዚስተሯ እኮ ሰሌዳዋ ውስጥ አለች፤ መጫኛውን ከግራውንድ አገናኝተህ ኮዱ ላይ ‹ኢንፑት ፑልአፕ› ብለህ ንባቡን ብትገለብጠው ይበቃህ ነበር» አለኝ። ያውም «አንተ» ብሎ!

የተነቀለችውን ሬዚስተር ገጠምኩ፤ የልጁን ምክር መቀበል ከበደኝ። ደወሉ ጨዋ ሆነ። መብራት ሄደ፣ መጣ፤ ትንፍሽ የለም። የአክስቴ ፊት ግን አልፈታ አለ።

«ምን ጎደለ እትዬ?»

«አይ... ልጄንማ በአፌም እጠራታለሁ። ያን ሌሊት ግን መብራት ሲመጣ ነቅቼ ስልኬን ሰክቼ ነበር። አሁን ማን ይቀሰቅሰኛል?»