የተሸጠ ዕቃ ይመለሳል

ፒያሳ ካሴት በምንገዛበት ዘመን ሙዚቃ ቤቶቹ ከባንኮኒው በላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ይለጥፉ ነበር፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ማስጠንቀቂያው ለእኛ ለገዢዎች ነው። ካሴቱን ወስደን፣ ቤት ቀድተን፣ በማግስቱ «አልወደድኩትም» ብለን እንዳንመጣ። ሻጩ ራሱ ከዓመታት በኋላ በሌሊት መጥቶ የጥላሁን ገሠሠን ካሴት ከቴፔ ውስጥ መዝዞ ይሄዳል የሚል ሐሳብ ግን ለማንም አልመጣም። ለሌባ እንኳ አልመጣም።

ዕድሜ ደጉ ይኸው አሳየኝ።

ዩቢሶፍት የሚባል የፈረንሣይ ኩባንያ በ2014 (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማወራው፤ እዚህ አሜሪካ ሌላው አይገባቸውም) «ዘ ክሩ» የሚል የመኪና ጌም አወጣ። አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር የሚያስነዳ ነው፤ ያለ ቤንዚን፣ ያለ ትራፊክ ፖሊስ። ሰው ገዛ፣ ነዳ፣ ተደሰተ። በዲሴምበር 2023 ጌሙን ከዲጂታል መደብሮች አነሡት። እሺ፣ ነጋዴ መሸጥ ቢያቆም መብቱ ነው፤ በዚህ አልጣላም። ማርች 31 ቀን 2024 ግን ሰርቨሩን ዘጉት። ይህ ጌም ደግሞ ብቻህን ስትነዳ እንኳ ከኩባንያው ሰርቨር ጋር ካልተገናኘ አልነሣም ይላል። ስለዚህ የገዛውም ያልገዛውም እኩል ሆነ። ዲስኩን በእጁ የያዘው ሳይቀር! ዲስክ አለው፣ ማሸጊያ አለው፣ ደረሰኝ አለው፤ ጌም የለውም። ምን ያድርገው? ማሽላ ማሳ ላይ ሰቅሎ ወፍ ያባርርበት? ይህም አልበቃ ብሎ የመጫወቻ ፈቃዱ ራሱ ከገዢዎች አካውንት ላይ ይነሣ ጀመር።

ደግነቱ ሁሉም እንደኔ ሶፋ ላይ ተቀምጦ አያጉረመርምም። ሮስ ስኮት የሚባል አሜሪካዊ ዩቲዩበር «ጌም መግደል ይቁም» ብሎ ተነሣ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ፊርማ ማሰባሰብ ተጀመረና በጁላይ 2025 ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። አንድ ሚሊዮን! የእኛ ማኅበር ለአዳራሽ ኪራይ ሃያ ፊርማ ሲፈልግ ሰዉ ሁሉ እስክሪብቶ የለኝም ይላል።

ዩቢሶፍት «ዘ ክሩ»ን ለመዝጋት ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ የፈቃድ ጉዳይ ነው። እኔን የሚያሳብደኝ ይኸው ፈቃድ የሚሉት ነገር ነው። ጌም ውስጥ የምታዩት መኪና ባለቤት አለው፤ ከበስተኋላ የሚሰማው ዘፈንም ባለቤት አለው። ሠሪዎቹ እነዚህን ለተወሰነ ዓመት ይዋዋሉና ውሉ ሲያልቅ ጌሙ ከገበያ ይወርዳል። «ፎርዛ ሆራይዘን 4» በዲሴምበር 15 ቀን 2024 ከመደብር የወረደው በዚሁ ሰበብ ነው። እርግጥ ቀድሞ የገዛው አልተነጠቀም፤ ስለዚህ እርግማኔን ቆጥቤያለሁ። «አለን ዌክ» የተባለው ደግሞ በ2017 የዘፈኖቹ ውል አልቆ ከገበያ ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ተስማምተው መለሱት። ጌም በዘፈን ይታመማል እንዴ? እኔ የገዛሁት የጥላሁን ካሴት ውሌ አለቀ ብሎ ዝም አላለም። ዝም ያለው ቴፑ ሲበላው ነው፤ ያኔም ክሩን በጥንቃቄ ስቤ፣ በእስክሪብቶ አጠንጥኜ፣ መልሼ አዘፍነዋለሁ። አንዷ ቦታ ላይ ድምፁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል እንጂ እስከ ዛሬ አለ።

ጃፓኖቹ ይባስ ብለው የነፃውንም ወሰዱ። ኮናሚ የሚባለው ኩባንያቸው በኦገስት 2014 «ፒ.ቲ.» የምትባል አጭር ጌም ለፕሌይስቴሽን 4 በነፃ ለቀቀ። ሠሪው ሂዴዎ ኮጂማ ነው፤ ከፊልም ሠሪው ጊየርሞ ዴል ቶሮ ጋር «ሳይለንት ሂልስ» የሚል ትልቅ አስፈሪ ጌም ሊያወጡ አስበው ይህችን ለቅምሻ ሰጡ። ጌሟ አንድ ኮሪደር ናት። ትሄዳለህ፣ ጥጉን ትዞራለህ፣ በር ትከፍታለህ፤ ያው ኮሪደር። እንደገና ትሄዳለህ። በየዙሩ አንድ ነገር ተለውጦ ይጠብቅሃል፦ ሬዲዮው ያወራል፣ መብራቱ ይወዛወዛል፣ የዘጋኸው በር ገርበብ ብሎ ታገኘዋለህ። ወጣቶቹ በፍርሃት ጮኹ አሉ። አንድ ማኅተም ለማስመታት ቀበሌ የተመላለሰ ሰው ግን ይህችን ጌም ከማንም በፊት ጨርሷታል።

ኮጂማና ኮናሚ ሳይስማሙ ቀሩና ትልቁ ጌም ተሰረዘ። ኤፕሪል 29 ቀን 2015 ቅምሻዋንም ከመደብሩ አነሧት፤ ከማሽኑ ላይ ያጠፋ ሰው መልሶ ማውረድ አልቻለም። ከዚያ ወዲያ ጌሟ ያለችበት አሮጌ ማሽን በኢንተርኔት ጨረታ ከአዲሱ በላይ ይጠየቅበት ጀመር። በነፃ የተሰጠ ነገር በማጣት ብቻ ሲወደድ ያየሁት ያኔ ነው።

በአንጻሩ ቬትናማዊውን ዶንግ ንጉየንን አከብረዋለሁ። አንዲት ወፍ በአረንጓዴ ቧንቧዎች መካከል የምታልፍባትን «ፍላፒ በርድ»ን ሠርቶ ዓለምን አሳበደና በፌብሩዋሪ 2014፣ ገንዘቡ እየጎረፈለት ሳለ፣ በቃኝ ብሎ ራሱ ከመደብር አነሣት። ስልካቸው ላይ ያለቻቸው ግን እንደያዟት ቀሩ። ሰውዬው ሱቁን ዘጋ እንጂ ቤቴ አልገባም። እኔ የምጮኸው ለዚህች ልዩነት ነው።

እርግጥ ሱቅ ሲዘጋም የሚቀበር ነገር አለ። ኒንቴንዶ የ«ዊ ዩ» እና የ«3ዲኤስ» ማሽኖቹን የኢንተርኔት መደብሮች ማርች 27 ቀን 2023 ሲዘጋ፣ እዚያ ብቻ ይሸጡ የነበሩ ጌሞች አብረው ተዘጉ። በዚያው ዓመት የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን አጥንቶ ይፋ እንዳደረገው፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2010 በፊት ከወጡ የድሮ ጌሞች 87 በመቶዎቹ ያኔ ገበያ ላይ አልነበሩም። ወረቀት ይቀደዳል፣ ካሴት ይበላሻል፣ ዲጂታል ግን ዘላለማዊ ነው ብለው የሰበኩን እነማን ነበሩ? አሁን የት ሄዱ?

ወደ ቤቴ ልምጣ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ከልጄ ጋር ነው የምኖረው። የልጅ ልጄ «አንቱ» የሚባል ነገር ስላልፈጠረበት «አንተ አባባ» ይለኛል፤ ይሁን፣ እሱን ሌላ ቀን እናማርራለን። ለልደቱ በሰጠሁት የስጦታ ካርድ አንድ የእግር ኳስ ጌም ገዛ። ከማን እንደገዛ አልናገርም፤ ጠበቃ ውድ ነው። አንድ ቀን ሊጫወት ሲከፍት ጌሙ የለም። እኔ ተነሥቼ ጮኽኩ፤ ስልክ ስጡኝ፣ ኃላፊ አገናኙኝ አልኩ። እሱ ትከሻውን ሰበቀና «ኖርማል ነው አባባ፣ ሌላ ይወጣል» አለኝ። ከጌሙ መጥፋት ይልቅ ያቃጠለኝ ይህ «ኖርማል» ነው። እኛ አሥር ሳንቲም መልስ ቢጎድል ሰፈር የምናስነሣ ሰዎች ምን ዓይነት ዘር ተካን?

አማቼ ሊያረጋጋኝ ብሎ የካሊፎርኒያን ሕግ ነገረኝ። ከ2025 መግቢያ ጀምሮ ዲጂታል ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ፣ የምትከፍለው ለፈቃድ መሆኑን ከመክፈልህ በፊት በግልጽ ሊነግርህ ይገባል አለኝ። እኔ ሜሪላንድ ነኝ፤ ቢሆንም አዳመጥኩ። ሕጉ አትውሰድበት አላለም፤ ልትወስድበት እንደምትችል አስቀድመህ ንገረው ነው ያለው። ጨዋ ቀማኛ ማለት ይህ ነው።

አማቼ በጎረምሳነቱ የገዛው ፕሌይስቴሽን 2 ምድር ቤት ካርቶን ውስጥ አለ። ልጄ ለእርዳታ ድርጅት ልትሰጠው ስታወጣው «በሬሳዬ ላይ ተራምደሽ» አልኩና በሩ ላይ ቆምኩ። ሰካነው። አቧራው ሸተተ፣ ትንሽ አጉረመረመ (ወደድኩት)፣ ተነሣ። ኢንተርኔት አልጠየቀ፣ የይለፍ ቃል አልጠየቀ፣ እናቴ ማን እንደምትባል አልጠየቀ። የልጅ ልጄ ስክሪኑን አየና «ይሄ ሮናልዶ ነው? ፊቱ የት ሄደ?» ብሎ መሬት ላይ ተንከባለለ። ፊቱስ ምን ይሠራልሃል፣ እግሩ አለ አይደል አልኩት። ለግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ ተጫወተ፤ አንድ ጊዜም አልተነሣም። ከዚያ መቆጣጠሪያውን አስቀመጠና፣ በሚያባብል ድምፅ፣ «አባባ፣ አዲሱ ወጥቷል። 70 ዶላር ብቻ ነው» አለኝ።

ካርዴን ሰጠሁት። ጌሙ ከጠፋ ግን ሰመሩን በሙሉ የጓሮውን ሣር የሚያጭደው እሱ እንደሆነ ወረቀት ላይ አስፈርሜዋለሁ። እናቱና አባቱ ምስክር ናቸው።