ሚስኮል የማትወድ ባለአክሲዮን

አቃቂ ገበያ በርበሬ የምትሸጠው አክስቴ ገንዘብ በማስቀመጥ የሚያህላት የለም። ዕቁቧን ቀን አታሳልፍም፣ ዕድሯን አታጓድልም፤ የተረፈውን ደግሞ በፌስታል ጠቅልላ በርበሬ ማዳበሪያው ሥር ትሸጉጠዋለች። ከዚያ ያስወጣት መንግሥት ነው። መስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖት ሲቀየር ፌስታሉን በነጠላዋ ሸፍና ባንክ ተሰለፈች። ገንዘቡን የቆጠረችው ልጅ እስክትጨርስ ድረስ ስታስነጥስ ዋለች።

ብሩ ባንክ ገባ፤ በዓመት 7 በመቶም ይወለድለት ጀመር። 2014 ላይ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ሲያልፍ ግን አክስቴ ባለሙያ ሳትጠይቅ ሒሳቡ ገባት።

«100 ሺህ ብሬ 107 ሺህ ሆነልኝ። አምና በ100 ሺህ የገዛሁትን ዕቃ ዘንድሮ ከ130 ሺህ በታች የሚሰጠኝ የለም። ታዲያ ያደገው የማን ብር ነው?» አለችኝ። እኔም ቡናዬን ፉት አልኩ።

ጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ ልጇ ነገራት። አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፤ 9,900 ብር መሆኑ ነው። ክፍያው በቴሌብር ስለነበር ልጁ ስልኳን ተቀብሎ መነካካት ጀመረ።

«ቆይ፣ ወረቀቱስ? ማኅተሙስ?»

«እማዬ፣ ሁሉም እዚሁ ስልክሽ ላይ ነው።»

«እሺ፣ የኔ የቱ ነው? ያ የኔትወርክ ማማ ከሆነ አሳየኝ።»

ከአንድ ቢሊዮን አክሲዮን 33ቱ ናቸው የርሷ። ከማማው አንድ ብሎን ቢደርሳት ነው ብዬ ገመትኩ፤ አልነገርኳትም።

ሽያጩ የካቲት ላይ ሲዘጋ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ፣ ገዢውም ከ47 ሺህ ጥቂት የበለጠ ሰው ነበር። «ሌላው ሰው ምን ነካው?» አለች። እኔ በሌላው አልፈርድም። ብዙው ሰው 9,900 ብር ትርፍ የለውም። ያለው ደግሞ በእጁ የሚደባብሰው ግድግዳ ካልሆነ ሀብት አይመስለውም። አክሲዮንን ደግሞ ያኔ ሲቸግር እንደ በርበሬ አውጥቶ መሸጥ አልነበረም፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ራሱ ሥራ የጀመረው ጥር 2017 ነው፣ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ። ስለዚህ አክስቴ የዕድሩንና የመታከሚያውን ገንዘብ ባንክ ትታ፣ ለዓመታት የማትነካውን ብቻ ነው ያወጣችው። ይህን ማንም አላስተማራትም።

ወር ሳይሞላ ጎረቤቷ «ትርፉ መጣ ወይ?» ሲላት «ጊደር ገዝተህ በሳምንቱ እርጎ ትጠይቃለህ?» ብላ አፉን አስያዘችው።

ጣጣው የኛ የዘመዶቿ ሆነ። ድሮ ሚስኮል ስናደርግላት መልሳ የምትደውል ሴት ዛሬ ስልኳ አንዴ ጠርቶ ከተቋረጠ ትቆጣለች። «ካርድ ሙላና እንደ ሰው ደውል፤ ትርፌን አትብላ!» ትላለች። አንድ የአጎቴ ልጅ የደወለላት በሌላ ኩባንያ መስመር መሆኑን ስታውቅማ፣ ለፋሲካ በርበሬ ሳትልክለት ቀረች።

እናንተም ከዘመድ አዝማድ አክሲዮን የገዛ ካለ፣ ከመደወላችሁ በፊት የየትኛው ኩባንያ እንደሆነ ጠይቁ።