ስሙ ራሱ ሽጉጥ ነው

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፤ በደብዳቤዎ «አሜሪካ ውስጥ ሰው ሁሉ ታጣቂ ነው አሉ፤ አንተም የመጀመሪያ ሽጉጥህን ስትገዛ ኮልት ካልሆነ እንዳትነካ፤ ወገብህ ላይ ታጥቀህም ፎቶ ላክልኝ» ብለውኛል። ምክርዎን ከራሴ ላይ አድርጌ ተቀብያለሁ፤ ዳሩ ግን ጋሼ፣ ምክሩ ለጠመንጃ የተሰጠ ይመስለኛል። ጠመንጃ በእኛ አገር ሠርግም ለቅሶም ላይ ይወጣል፤ ምንሽር ከነዝናሩ ካልታየ እንዳልተያዘ ነው የሚቆጠረው። ሽጉጥ ግን ስሙ ራሱ ሸጎጠ ከሚለው ግስ የመጣ ነው። አሜሪካኖች ልብስ ሥር ተደብቆ የሚያዘውን ለመግለጽ ቃላት ሲደረድሩ እኛ በአንድ ቃል ጨርሰነዋል። እንግዲህ የመጀመሪያውን የሚመርጥ ሰው «ስንቱን ያስደነግጥልኛል?» ብሎ ሳይሆን «ሸጉጬው መዋል፣ ሳልሰለች መለማመድ፣ ማታም ቆልፌበት መተኛት እችላለሁ ወይ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት። በዚህ ሚዛን የእርስዎ ኮልትም፣ ለጀማሪ ትሆናለች እየተባለች የምትሸጠው ሚጢጢዋም ይወድቃሉ።

በቅድሚያ ስለ ሕጉ ልንገርዎ፤ ከመሣሪያው ይልቅ ሕጉ ያስቃል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 ከዚሁ ከዋሽንግተን ዲሲ በመጣ ክርክር ሰው ሽጉጥ በቤቱ የማስቀመጥ መብት አለው ብሎ ፈረደ፤ በ2022 ደግሞ ከኒው ዮርክ በመጣ ሌላ ክርክር ከቤት ውጭ ይዞ መሄድንም ጨመረበት። (ዓመቱ በፈረንጅ ነው፤ ሰባት ስምንት ይቀንሱለት።) መብቱ የሁሉም ቢሆንም ደንቡ ግን በየክፍለ ግዛቱ ነው። ቬርሞንት ሽጉጥ ለመያዝ ፈቃድ ጠይቃ አታውቅም፤ ቴክሳስም ከ2021 ጀምሮ ፈቃድን ግዴታ ማድረጓን ትታለች፤ ዲሲ ግን 16 ሰዓት ትምህርት ቁጭ ብሎ ላልተማረና 2 ሰዓት ተኩስ ላልተለማመደ አትሰጥም። እኛ ሐበሾች ደግሞ አገር የጠበበን ይመስል የሰፈርነው ሦስት ሕጎች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ነው፤ አሌክሳንድሪያ የቨርጂኒያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሜሪላንድ፣ መሐል ላይ ዲሲ። ዲሲም ሜሪላንድም የሌላውን ፈቃድ አይቀበሉም። ስለዚህ የቨርጂኒያ ፈቃድ ብቻ የያዘ ሰው ቤቱ ቁርሱን በልቶ፣ ዲሲ ሥራውን ውሎ፣ ማታ ሜሪላንድ ለቅሶ የሚደርስ ከሆነ ሽጉጡ አብሮት ሊሆን የሚችለው ቁርስ ላይ ብቻ ነው፤ የፖቶማክን ድልድይ ይዞት ከተሻገረ ሕግ አክባሪው ሰው ወንዙ ላይ ወንጀለኛ ይሆናል። እዚያው ቨርጂኒያም ቢሆን ሽጉጥ ሸሽጎ ምግብ ቤት የገባ ሰው መጠጥ እንዳይቀምስ ሕግ ይከለክለዋል። ይህን ያረቀቁት ሰዎች የእኛን ጠጅ ቤት አይተው የተመለሱ ይመስለኛል።

አሁን ወደ መሣሪያው ልምጣ። ለጀማሪ፣ በተለይም ለሴት፣ ብዙ ጊዜ የሚታዘዝላት ትንሿ ናት፤ «ቀላል ናት፣ ኪስ ውስጥ ትገባለች» ይባላል። ሩገር ኤልሲፒ የምትባለው 270 ግራም ገደማ ናት፤ ከግማሽ ኪሎ ስኳር በእጅጉ ታንሳለች። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጥይት ወደ ፊት ሲወጣ ሽጉጡን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ያንን ግፊት የሚያበርደው የሽጉጡ ክብደት ነው። ጭነት የሌላት በቅሎ ይበልጥ እንደምትራገጥ ሁሉ፣ አንዱኑ ጥይት ቀላሉ ሽጉጥ ሲተኩሰው ክፉኛ ይራገጣል። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዎቿም ስለሚቀራረቡ እጅ ላይ የማትታየው ስሕተት ዒላማው ዘንድ ስትደርስ ስንዝር ትሆናለች። እጀታዋ አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣት፣ ማዕድ ላይ ቦታ እንዳጣ እንግዳ፣ ተንጠልጥላ ትቀራለች። ጀማሪው አሥር ጥይት ተኩሶ መዳፉ ሲነድበት አሥራ አንደኛውን ዓይኑን ጨፍኖ ይተኩሳል፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ልምምድ ቦታ ዝር አይልም። ትንሿ የሊቅ መሣሪያ ሆና ሳለ ለፊደል ቆጣሪ ትሰጣለች ማለት ነው።

ትንሿን የሚደግፉ ሰዎች ግን ጥሩ መልስ አላቸው፤ «ትልቁ ይከብዳል፣ ሲከብድ ቤት ይቀራል፤ ቤት የቀረ ሽጉጥ ምን ይፈይዳል?» ይላሉ። እውነት አላቸው። በሐምሌ የዲሲ ሙቀት ሰው ካናቴራ እንኳ በከበደው ሰዓት ጋቢ ደርቦ አይሄድም፤ ግዙፍ ሽጉጥ በስስ ልብስ ሥር እንደ ዕጢ ይወጣል። መልሱ ትንሿን መግዛት ሳይሆን መሐሉን መፈለግ ነው፤ መሐሉም አለ። ኦስትሪያዊው ጋስተን ግሎክ የመጋረጃ ዘንግና ቢላዋ ሲያመርት የኖረ ሰው ነበር፤ በ1982 የአገሩ ጦር የተቀበለለት ባለ ፕላስቲክ አካል ሽጉጥ ዓለምን ሞላው። የዚያው ቤት ግሎክ 19 ያለ ጥይት 600 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ በ2018 የወጣው ሲግ ፒ365 ደግሞ ግማሽ ኪሎ ገደማ ሆኖ ካዝናው 10 ጥይት ይይዛል። አንደኛው የመካከለኛው ላይኛ ድንበር፣ ሌላኛው ታችኛው ድንበር ነው ብለው ይያዙልኝ። ሁለቱም 9 ሚሊ ሜትር የሚተኩሱ ናቸው፤ እጁ ሰፊ የሆነ ወደ ላይ፣ እጁ ጠባብ የሆነ ወደ ታች ይጠጋ። ተከራይቶ የሚሞከርበት የተኩስ ቦታ ስላለ ሁለቱንም ሳይተኩሱ አንዱን መግዛት፣ በሬ ጥርሱን ሳያዩ ከገበያ መንዳት ነው።

ኮልትን እንደተውኩብዎ አይሰማዎት። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው፣ የአሜሪካ ጦር በ1911 የታጠቀው ያ ሽጉጥ ውበቱ አይካድም፤ ነገር ግን ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ካዝናውም በጥንቱ አሠራር 7 ጥይት ነው። «ጥይቱ ትልቅ ነው፣ አንዱ ይበቃል» ይሉኛል። ይህን ያህል ሰው የተከራከረበት ነገር ጥቂት ነው። በ1986 ማያሚ ላይ ሁለት የኤፍቢአይ ባልደረቦች በተኩስ ልውውጥ ሲገደሉ መሥሪያ ቤቱ በጥይቱ ዐቅም ማነስ አማረረ፤ ጠንካራ ጥይት ፈለገ፣ አገኘም። ብዙው የአገሩ ፖሊስም ተከተለው። ከዓመታት በኋላ፣ የጥይት አሠራር ሲሻሻል፣ ያው ኤፍቢአይ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ተመለሰ፤ ምክንያቱም ተኳሹ በማይራገጠው ሽጉጥ ቶሎና ደህና ይመታል። የሳተ ትልቅ ጥይት ከመታ መካከለኛ ጥይት አይበልጥም፤ የሳተው ደግሞ መንገድ ላይ አይቀርም፣ የሰው ግድግዳ ጥሶ ይገባል። አምስት ጥይት የምትይዘው አጭሯ ሪቮልቨርም ብዙ ወዳጅ አላት፤ ካዝና የላትም፣ አትነክስም፣ ለመረዳት ቀላል ናት። ለመምታት ግን ቀላል አይደለችም፤ ቃታዋ ከባድ ነው፣ እርሷ ደግሞ ቀላል፤ የሁለቱም ጣጣ በአንድ እጅ።

ሰው ስለ ሽጉጡ ሲከራከር ማኅደሩን ይረሳዋል፤ እኔ ብጠየቅ ግን ከሽጉጡ ዋጋ ላይ ቀንሼ ለማኅደሩ እጨምር ነበር። ግሎክን የመሰሉት በአውራ ጣት የሚከፈት መቆለፊያ የላቸውም፤ መከላከያቸው ቃታው ውስጥ ነው። ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ያለ ማኅደር ሱሪ ውስጥ የሻጠ ሰው፣ የጃኬት ገመድ ወይም ቁልፍ ቃታውን ቢስብበት፣ ያጎረሰውን መልሶ የሚጎርሰው ራሱ ነው። ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ማኅደርና የማይጎብጥ ቀበቶ ያስፈልጋል። ሌላው ጠላት መርሳት ነው። በ2023 ብቻ በአሜሪካ አየር ማረፊያዎች ፍተሻ ላይ 6,737 የጦር መሣሪያ ተገኝቷል፤ ከመቶ ዘጠና በላዩ ጥይት የጎረሰ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች አብዛኞቹ አውሮፕላን ሊጠልፉ አልመጡም፤ ቦርሳቸው ውስጥ ምን እንዳለ የረሱ ናቸው። ሽጉጡን የሚረሳ ሰው ለሽጉጥ አልደረሰም።

እዚህ ላይ እትዬ ከጓዳ ሆነው «መጀመሪያስ ለምን ያስፈልገዋል?» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ከሁሉም ተቃውሞ የሚከብደኝም የእርሳቸው ነው። በ1995 የታተመ ጥናት አሜሪካኖች በዓመት 2.5 ሚሊዮን ጊዜ በመሣሪያ ራሳቸውን ይከላከላሉ አለ፤ መንግሥት ስለ ወንጀል ተጠቂዎች የሚያደርገው መጠይቅ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ቁጥር ይሰጣል። በመሐሉ ያለው ገደል ሰፊ ስለሆነ ሁሉም የሚወደውን ቁጥር ይዞ ይሟገታል። የማይሟገቱበት ቁጥር ሌላ ነው፤ በ2021 በአሜሪካ በጦር መሣሪያ ከሞቱት 48,830 ሰዎች 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። በካሊፎርኒያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን የተከታተለና በ2020 የታተመ ጥናትም የሽጉጥ ባለቤቶች በመሣሪያ ራሳቸውን የማጥፋታቸው ዕድል ከሌላቸው ሰዎች በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ስለዚህ ሌባን ፈርቶ የሚገዛ ሰው ከሌባው ይልቅ የሚያሰጋው የገዛ ክፉ ቀኑ ሊሆን ይችላል። ስደት ደግሞ ክፉ ቀን አይጎድለውም፤ የሌሊት ፈረቃ፣ ብቸኝነት፣ ያልደረሰ ወረቀት። ቤቱ ውስጥ ልቡ የተሰበረ ሰው ካለ፣ የመጀመሪያው ሽጉጥ ምርጫ አለመግዛት ነው፤ ይህን ስል ከመካከለኛው ሐሳቤ አልወጣሁም፣ ሸጉጬው ልኖር እችላለሁ ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ አንዳንዴ አይቻልም ስለሆነ ነው። የሚገዛም ከሽጉጡ በፊት የብረት ሳጥኑን ይግዛ፤ መኪና ውስጥ ትቶት መውረድ ደግሞ ለሌባ መሸለም ነው።

ፎቶውን በተመለከተ ትእዛዝዎን ፈጽሜያለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተላከው ላይ የምታዩኝ በወፍራም ጋቢ ተጠቅልዬ ነው። ሽጉጥ አለው ወይስ የለውም የሚለውን እርስዎና እትዬ ተከራከሩበት፤ ከታየማ ሽጉጥ መባሉ ይቀራል። ለጎረቤት ካሳዩት ግን እባክዎ ኮልት ነው ይበሉልኝ።

ናፋቂዎ፣ የወንድምዎ ልጅ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ