ነጠላ ለብሶ እንጨት ግዢ

እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ ሜሪላንድ ያለው የጓሯችን አጥር ማዘንበሉ ትዝ አለኝና «እማዬ፣ አንዲት ቋሚ ብቻ ገዝተን እንለፍ» አልኳት። ሁለታችንም ነጭ በነጭ ነን። የእኔን ነጠላ እሷ ናት ከአገር ቤት ያመጣችልኝ፤ ገና ውሃ አልነካውም።

እንጨት መሸጫው ስንደርስ ቋሚው አልነሳም አለኝ። ወዙ አረንጓዴ ነው። ዝናብ መትቶት መሰለኝና አቅፌ ትከሻዬ ላይ አወጣሁት። ለካ እንዳይበሰብስ የሚሰጠው መድኃኒት ኖሯል! እንጨቱን ትልቅ የብረት በርሜል ውስጥ ከተው በሩን ጥርቅም ያደርጉና በመጀመሪያ አየሩን ይመጥጡለታል፤ ከዚያ መዳብ ያለበትን ፈሳሽ ለቀው፣ ከአየር ግፊት አሥር እጥፍ ገደማ በሚሆን ኃይል ያስጠጡታል። ጆን ቤተል የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1838 በስሙ ያስመዘገበው ዘዴ ነው። እኛ አገር የአጥር እንጨት ግርጌውን የተቃጠለ ዘይት ይቀባል፤ እሱም ደግ ነው፣ ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ቅቡ ከላይ ይቀርና ምስጡ በስንጥቁ ይገባል።

መኪናው ውስጥ አልገባ ሲል አንድ ልጅ እግር ሠራተኛ ቆረጠልኝ። የተቆረጠው ፊት ዳር ዳሩ አረንጓዴ፣ መሀሉ ግን ነጣ ያለ ቢጫ ነው፤ መድኃኒቱ እስከ እምብርቱ አልዘለቀም። «ይሄን ጫፍ ቀባውና ወደ ላይ አድርገው፤ አፈር ውስጥ የሚገባው ያልተቆረጠው ጫፍ ነው» አለኝ። ነገርን ከሥሩ ማለት ይኼ ነው፤ ቋሚ የሚበሰብሰው አፈርና አየር በሚገናኙበት ነውና።

እማዬ ቁራጩን አንስታ «ለቡና እሳት ይሆናል» አለች።

«አይማገድም እማዬ፤ ጭሱም አመዱም መርዝ ነው። እስከ ፈረንጆቹ 2003 መጨረሻ ድረስማ ለቤት አጥር የሚሸጠው አርሴኒክ ነበረበት።»

«መርዝ ነው? ልብስህስ ታዲያ?»

ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ከአንገቴ እስከ ወገቤ አረንጓዴ ሆኛለሁ። ይህን ጊዜ ነው የሰንበቴ ማኅበርተኞቻችን ለገበያ ከመኪናቸው ሲወርዱ ያዩኝ። አንዷ እናት ቀረብ ብለው «ምነው ልጄ፣ ቄጠማ ላይ ተንከባለልክ እንዴ?» አሉኝ። እማዬ መልስ ሳትሰጥ ነጠላዬን ገፍፋ በፌስታል ጠቀለለች፤ ሸሚዜንም አስወለቀችኝ። በካናቴራ ቆሜ እጄን ሁለቴ አስታጠበችኝ፤ እኚያ እናት ውሃውን ያዙላት።

ቋሚውን ማግስቱን ጓንት አጥልቄ ተከልኩት፤ የተቆረጠውን ጫፍ መድኃኒት ቀብቼ ወደ ላይ። ቁራጩን የቆሻሻ መኪና ወሰደው። እማዬ ግን እስካሁን «የአገራችን ጥድ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ በርሜል አያስፈልገውም ነበር» ትላለች፤ የጥድን ዕድሜ ስለማውቅ አልከራከራትም።