እንዴት ያለ ነፃነት ነው!

ቅዳሜ ገጠር አድሮ እሑድ ማታ የተመለሰ የአዲስ አበባ ሰው ስለ ነፃነት ሲያስተምር ሰምታችሁ ይሆናል። «ኑሮ እኮ እዚያ ነው! የሚቆጣህ የለ፣ የሚያስርህ የለ!» ይላል፣ በጄሪካን ያመጣውን ማር እያስቀመሰ። እውነቱን ነው። ገበሬው የማያውቀው ስንት ነፃነት አለው መሰላችሁ!

ከሁሉ በፊት ከመሬት ሽያጭ ጣጣ ተገላግሏል። እኛ ኮንዶሚኒየማችንን እንሽጥ ወይስ እናከራይ እያልን እንቅልፍ ስናጣ፣ እሱ ከየካቲት 1967 ጀምሮ አርፎ ይተኛል። አዋጅ ቁጥር 31 መሬቱን የሕዝብ አደረገለት፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 «አይሸጥም፣ አይለወጥም» ብሎ አጸናለት። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ፈቅዶ ነበር። ዛሬ ብዙው ገበሬ አንድ ሄክታር እንኳ ስለሌለው ከሰፊ እርሻ ድካምም ድኗል። ልጆቹ ያቺኑ ሲካፈሏት ደግሞ ጭራሽ ነፃ ይወጣሉ፤ እስከ ጅዳ ድረስ።

የሚቆጣ የለም የተባለውስ? በመንደሩ «ወዴት ነው? በደኅና ነው? ማን ታመመ? የያዝከው ምንድን ነው?» ሳይባል አንድ ማሳ የሚያልፍ የለም። ይህ ሰላምታ ነው፤ ምርመራ ያለው ሰው ባለጌ ነው። እስቲ ደግሞ ሥራ በሚጣደፍበት ክረምት፣ ሐምሌ 19 ቀን፣ ሞፈሩን ተሸክሞ ይውጣ! ገብርኤል ነው። በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ አለ። በመካከል የተረፈውን ቀን ዝናቡ ከፈቀደለት እንደ ልቡ ያርሳል። በዓል ሽሮ ካረሰና በሳምንቱ በረዶ የጎረቤቱን ባቄላ ካወደመ ግን ጥፋተኛው ያለ ምስክር ታውቋል። የሜትዎሮሎጂ ባለሙያዎቻችን በዝናብ ጉዳይ እንዲህ እርግጠኛ ሆነው አያውቁም።

ሚስቱማ የቧንቧ ባሪያ አይደለችም። ጄሪካኗን አዝላ ቁልቁለቱን ወርዳ ዳገቱን ትወጣለች። ወዳጃችን መንገድ ላይ ሲያገኛት መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ፎቶ አነሳት፤ አቧራውን ለእሷ ትቶ አለፈ።

ደግሞ ኔትወርክ አለመኖሩን እንዴት እንደወደደው! «ጭንቅላት ያርፋል» ይላል። ጭንቅላቱ ያረፈው አባወራ ዐረብ አገር ካለች ልጁ ጋር ለመነጋገር ጉብታ ላይ ወጥቶ ስልኩን ወደ ሰማይ ያነሳል። ሃሎ፣ ሃሎ ሲል መንደሩ ሁሉ ይሰማዋል፤ ከልጁ በቀር።

አንድ ሽማግሌ ይህን ሁሉ ውዳሴ በትዕግሥት ሰምተው፣ «እንግዲያው ልጄ፣ እዚሁ ጎጆ ቀልሰህ ለምን አትገባም? ቦታ አናጣልህም» አሉት።

«ውይ አባባ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት አለ፣ የእናቴ የደም ግፊት ክትትል አለ፣ መብራቱም…» አለና ሰዓቱን አየ፤ ሳይመሽ አስፋልት መውጣት አለበት። ሞተሩን ካስነሳ በኋላ ግን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አደራ አላቸው፦ «እርስዎ ግን አባባ፣ ከዚህ እንዳይነቃነቁ!»