ማንበብም ይማራሉ አሉ!

ጎበዝ፣ ዓለም ተገለበጠ ስላችሁ አታምኑኝም። የልጅ ልጄ ከኮሌጅ ለእረፍት ነቀምት፣ ጨለለቂ መጥቶ፣ ገና አቦሉ ሳይቀዳ፣ «አካኮ፣ ዘንድሮ ማንበብና ማዳመጥ እየተማርን ነው» አይለኝ መሰላችሁ! አሥራ ሁለት ዓመት ምን ሲሠራ ኖሮ ነው? ጆሮስ ከመቼ ወዲህ ነው አስተማሪ የሚቀጠርለት?

እኛን ማን አስተማረን? የነቀምት ሰው ድሮም የፊደል ወዳጅ ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ እኮ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱሱን በአፋን ኦሮሞ በ1899 እ.ኤ.አ. ካሳተመ በኋላ፣ በ1904 እዚሁ ነቀምት ገብቶ ያስተማረ ሰው ነው። የሚያነቡትን መጀመሪያ ራሳቸው ይተረጉሙ ነበር! የዛሬው ልጅ መቶ መጽሐፍ በስልኩ ተሸክሞ ከሃንዳውት በቀር አይገልጥም። የገለጠውንም ገጹን ሙሉ ቢጫ ቀብቶ አደይ አበባ ያስመስለዋል። አሁን ደግሞ መምህሩ፣ ቀለሙን ቀንስ፣ ጥያቄህን ኅዳጉ ላይ ጻፍ፣ ከዚያ መጽሐፉን ከድነህ በራስህ አነጋገር ተናገረው አሉት አሉ። መጽሐፍ ላይ መጻፍ! ነውር እኮ ነው። የእኔን «ፍቅር እስከ መቃብር» ተመልከቱ፤ ከጤፍ ሒሳብና ከባለዕዳዎቼ ስም በቀር ኅዳጉ ንጹሕ ነው።

ማዳመጥማ ከእኛ ጋር ቀረ። ወጋየሁ ንጋቱ ያንኑ መጽሐፍ በራዲዮ ሲተርክ፣ የሰፈሩ ሰው አንዲት ራዲዮ ከቦ ትንፋሹን ይውጥ ነበር። እኔ አንዲት ቃል አምልጣኝ አታውቅም። ያመለጠኝን ደግሞ ባለቤቴ በማግስቱ ትነግረኛለች፤ እንቅልፌን ስለምታከብር አትቀሰቅሰኝም ነበር። ዛሬ መምህር ሲናገር ስልኩ ይቀዳል፣ ልጁ ያንጎላጃል። የተቀዳውን ማን ሊሰማው?

«እስቲ ይኼን ማዳመጥ የሚሉትን አስረዳኝ» አልሁት።

«ሦስት ነገር ነው፣ አካኮ። አንደኛ፣ ተናጋሪው እስኪጨርስ አለማቋረ...»

«እኔ ሰው አቋርጬ አላውቅም!»

«ሁለተኛ፣ ያልገባን ነገር ካለ...»

ይኼኔ የወጋየሁ ድምፅ ትዝ አለኝና እስከ በረካው ድረስ አጫወትሁት። እሱ እቴ! ዓይኑን ሳይነቅል፣ አንዳንዴ ማስታወሻው ላይ ጫር ጫር እያደረገ ዝም ብሎ ይሰማኛል። መጨረሻ ላይ የነገርሁትን ሁሉ በአራት ዐረፍተ ነገር መልሶ ነገረኝ። የሁለት ሰዓት ወግ በአራት ዐረፍተ ነገር! እንዲህ ነው የሚያቻኩሏቸው።

ሦስተኛዋን ነገር የሚያውቅ ካላችሁ ጨለለቂ ብቅ በሉና ንገሩኝ፤ ቡና አለ።