ማርሚታው ይበሳ

ጎረቤላ ውስጥ አዲስ ሞተርሳይክል መግዛት የሞኝ ሥራ ነው። ብልህ ሰው ያችኑ አሮጌ ያማሃ «ያሻሽላታል»። ፒስተንና ፋሻ ይቀየራል፤ ካርቡራተር፣ ካቴና፣ ፍሪሲዮን ይከተላሉ። ከዚያ ዋናው ማሻሻያ ይመጣል፦ ማርሚታው ይበሳል። ፍጥነቷ ያው ነው፤ ድምጿ ግን ከእሷ ቀድሞ ደብረ ብርሃን ይገባል።

ደጋው ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የካርቡራተር ሞተር ሁሉ ጉልበቱ ይቀንሳል። ባለቤቱ ግን ጥፋቱን በካንዴላው ያላክክና ሌላ ካንዴላ ይገዛል። እንዲህ እንዲህ እያለ ወጪው የአዲስ ቦክሰር ዋጋ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ ከጥንቷ ያማሃ የተረፈው ሊብሬው ብቻ ነው።

ፍሬኑስ? እሱ የሚያስፈልገው ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ለሚወርድ ነው። ሰውየው ደግሞ የሚወርደው በየገበያው ቀን ብቻ ነው!

ወዳጄ፣ የማርሚታውን ብር ለፍሬን ሸራ አውለው።